«እናንተ አይቲዎች ታያላችሁ እንዴ?»

ጠያቂዋ የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ነበረች። ቡና ሰዓት ላይ ነን። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጥግ ባለችው ጠባብ ቦታ እትዬ ጀበናቸውን ይጥዳሉ፣ እኛ ዙሪያቸውን ቆመን እንጠጣለን። ሲኒዋን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ የምልህ፣ ኮምፒውተራችን ላይ የምንከፍተውን ነገር እናንተ አይቲዎች ታያላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ምን አገባን! እናንተን ስናይ የምንውል ይመስልሻል?» አልኳት። ሳቄንም ጨመርኩበት።

እሷም ሳቀች። ከቆሎው ዘግና ሰጠችኝ።

ውሸቴን ነበር። ያየሁትን ካየሁ ገና አሥር ቀኔ ነው።

ነገሩ በክፋት አልተጀመረም። የተጀመረው በኢንተርኔት መንቀራፈፍ ነው። 2010 ዓ.ም. ነው፤ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነበርኩ። የኔትወርክ ይባል እንጂ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ የኤክሴል ፋይል ሲጠፋም፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅ ታብሌት ሲሰበርም የምጠራው እኔው ነኝ። አርባ ኮምፒውተር፣ አንድ መስመር። ያኔ ሳፋሪኮም አገር ውስጥ አልገባም፤ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። መስመሩን ማሳደግ ገንዘብ ይጠይቃል።

ሥራ አስኪያጁ ጓንዡ ካሉ አቅራቢዎች ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ቻይናዊው ዋጋ ሊናገር አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። በጥቅምት አንድ ጠዋት ቢሯቸው ጠሩኝ። «ይሄን ኢንተርኔት የሚበላው ማነው?» አሉኝ።

ልብ በሉ፤ «ምንድነው የሚበላው» አላሉም። «ማነው» ነው ያሉት። ልዩነቱ ያን ጊዜ ለእኔም አልታየኝም።

ዕቃ ግምጃ ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። አቧራውን ጠርጌ ስኩዊድ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩበት። ስኩዊድ ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ነው፤ ከቢሮ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ማን ወጣ፣ ወዴት ሄደ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል ሸክም ይዞ ተመለሰ፣ ሁሉንም መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ዘበኛው አይደክመውም፣ ሽንት ቤት አይሄድም። መዝገቡን ደግሞ ሳርግ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም ወስዶ ቆንጆ ሠንጠረዥ ይሠራለታል። ከላይ እስከ ታች፣ በስም በስሙ፣ ብዙ የተጠቀመው አንደኛ ሆኖ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ለማንም አልተነገረም። ንገር ያለኝም የለም፣ ልንገር ብዬ የጠየቅኩም የለም። እውነቱን ለመናገር በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ የሽያጭ ክፍሉ ልጅ በአንድ ቀን ፌስቡክ ላይ 31 ሰዓት አሳልፏል ይላል።

31 ሰዓት። በአንድ ቀን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ሰውየው ያነበበበትን ጊዜ ሳይሆን ግንኙነቱ ተከፍቶ የቆየበትን ነው። ፌስቡክን ጠዋት ከፍታችሁ፣ በሌላ መስኮት ሸፍናችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስትሠሩ ብትውሉ ፌስቡኩ ከጀርባ መተንፈሱን አያቆምም። አንድ ገጽ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ግንኙነት ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም ይደምራል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ አስረዳሁ። አዳመጡኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «ገባኝ። ያው ብዙ ነው ለማለት ነው» አሉ። ልጁ ተጠርቶ ተገሰጸ። በምን እንደታወቀበት ግን አልተነገረውም። ለረጅም ጊዜ አጠገቡ የምትቀመጠውን ልጅ ሲጠረጥር እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

በሁለተኛው ሪፖርት አንደኛ የወጡት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሼ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው። ዩትዩብ፣ በወር 14 ጊጋ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው። ደብዳቤውን እጥፍጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተው ወደ እኔ መጡ። ዘርግተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ዩትዩብ የሚሉት መዝሙሩ ነው እንዴ?» አሉኝ።

መዝሙሩ ነበር። ጠዋት ሲገቡ የእህታቸው ልጅ እንዳሳያቸው አድርገው ይከፍቱታል። ከዚያ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ እየቀጠለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ እሳቸው ካርቶን ሲቆጥሩ ይውላሉ። ስክሪኑን ዞር ብለው አያዩትም። ቪዲዮው ግን ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ዘበኛው የሚያውቀው ሸክሙን ብቻ ነው፤ ጋሼ እየሠሩ ይሁን ተዘርግተው እያዩ አያውቅም። በማግስቱ ትንሽ ሬዲዮ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት በገባሁ ቁጥር ሬዲዮዋን ሲቀንሱ አያለሁ። ለእኔ ብለው ነው የሚቀንሱት። ያ ነገር እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ኢንተርኔቱ አሁንም ይንቀራፈፋል ታዲያ።

ኅዳር ላይ ነው ሰንጠረዡን ገልብጬ ማየት የመጣልኝ። የሰዎቹን ስም ትቼ የተሄደባቸውን አድራሻዎች ብቻ በብዛታቸው ደረደርኳቸው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ፌስቡክ አልነበረም። ዩትዩብም አልነበረም። የዊንዶውስ አፕዴት ነበር። አርባው ኮምፒውተር ጠዋት በተከፈተ ቁጥር ያንኑ አንዱን ፋይል እያንዳንዱ ለየብቻው ያወርዳል። አርባ ጊዜ። አፕዴቱ ማታ እንዲወርድ አስተካከልኩት። በሁለተኛው ቀን ቻይናዊው ዋጋውን ሳይደርቅ ጨረሰ።

ደስ ብሎኝ ሄጄ ነገርኳቸው። ጥፋተኛው ሰው አለመሆኑን፣ መዝገቡን ብናቆመው ምንም እንደማይጎድል ነገርኳቸው። «ጎበዝ» አሉኝ። «ሪፖርቱ ግን ይቀጥል፤ ጥሩ ነው።»

ለምን እንደሚቀጥል አልጠየቅኩም። ይህን ስጽፍ ሰበብ ፍለጋ ብዙ አሰብኩ። የለኝም። ደመወዝተኛ ነበርኩ፣ በቃ።

ሚያዝያ ላይ ነው ያቺ የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ያለችበት መስመር ሠንጠረዡ ላይ የታየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ይጠቀማል፤ አንዳንድ ብሮውዘር ላይ አድራሻው ጎን ትንሽ የቁልፍ ምልክት የምታዩት ለዚያ ነው። መሀል ላይ ያለው ዘበኛ ፖስታውን ያያል እንጂ ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አያነብም። የትኛውን ገጽ እንደከፈታችሁ፣ ምን እንደጻፋችሁ አይታየውም። የድረ ገጹ ስም ግን ፖስታው ላይ ተጽፏል። አንዳንድ ስም ደግሞ ብቻውን ደብዳቤ ነው። ሕንድ አገር ያለ ክሊኒክ ስሙ ውስጥ «አይቪኤፍ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ማለትም ከማኅፀን ውጭ ጽንስ የማስያዝ ሕክምናን፣ ካስገባ ሌላ ምን ማንበብ ያስፈልጋል? ቀጥሎ የሕንድ ቪዛ ማመልከቻ። ቀጥሎ ሌላ ክሊኒክ። ቀጥሎ የአውሮፕላን ትኬት። ሁሉም በምሳ ሰዓት፣ ከ6፡30 እስከ 7፡20። ሌላ ሰዓት ላይ አንድም የለም። የሥራ ሰዓት አልነካችም።

ካገባች ሰባት ዓመቷ ነበር። ቢሮው ውስጥ «መቼ ነው ታዲያ ገንፎ የምንበላው?» ሳይላት የሚያልፍ አልነበረም። እኔም ብያታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ «እግዜር ሲል» ትላለች። ከዚያ ሠንጠረዥ በኋላ ያ ሳቅ ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው ሆንኩ። ነግራኝ አይደለም። በመዝገብ።

መስመሩን ልሰርዘው እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ «ማን ልብ ይለዋል» አልኩና አተምኩት። እንደተለመደው ሦስት ኮፒ፤ አንዱ ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱ ለሰው ኃይል፣ አንዱ ለፋይል።

በአሥረኛው ቀን ነው ሲኒዋን ይዛ የጠየቀችኝ።

ከዚያ ድርጅት በ2012 ወጣሁ። በገባሁበት ሌላ መሥሪያ ቤት «የኢንተርኔት አጠቃቀም መመሪያ ጻፍልን» ተባልኩ። ለመጻፍ ስል ማንበብ ጀመርኩና የአንድ ሮማኒያዊ ጉዳይ አገኘሁ። ቦግዳን ባርቡሌስኩ ይባላል፣ ቡካሬስት ውስጥ የአንድ የግል ኩባንያ ኢንጂነር ነበር። አሠሪዎቹ ደንበኞችን እንዲያነጋግርበት ያሁ ሜሴንጀር ክፈት አሉት፣ ከፈተ። ለግል ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነው። በሐምሌ 2007 በፈረንጆቹ ጠሩትና «ለግል ተጠቅመሃል» አሉት። «አልተጠቀምኩም» ብሎ በጽሑፍ ካደ። 45 ገጽ አወጡለት። ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈው፣ የጤናውና የመኝታ ቤቱ ነገር ሳይቀር፣ ቃል በቃል። ተባረረ።

ጉዳዩ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ላይ ተሸነፈ። ይግባኙን ያየው ታላቁ ችሎት ግን ሴፕቴምበር 5 ቀን 2017 በ11 ለ6 ድምፅ ፈረደለት። ፍርዱ አሠሪ ሠራተኛውን ጭራሽ አይከታተል አይልም። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ለግል መጠቀም መከልከሉ ተነግሮታል፣ የሚጽፈው ራሱ እንደሚነበብ ግን አስቀድሞ አልተነገረውም። መልእክቱን ማንበብ ለምን እንዳስፈለገ፣ ሌላ ቀለል ያለ መንገድ መኖር አለመኖሩን የመዘነም አልነበረም። የአሠሪ ትእዛዝ የሠራተኛን የግል ሕይወት ሥራ ቦታ ላይ ዜሮ ሊያደርገው አይችልም ብለው ጻፉ።

የፍርዱን ቀን በእኛ ስቆጥረው ነሐሴ 30 ቀን 2009 ሆነ። እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ያንን አቧራ የጠረግኩት ከዚያ በኋላ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

«እሱ የአውሮፓ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ የአውሮፓ ነው። ግን የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ምን እንደሚል አንብባችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር መብቱ ነው ይላል። ከ1987 ጀምሮ እዚያው አለ። በእኛው 2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ የሚያስፈጽመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንጂ ለሌላ እንዳይውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ ይጠይቃል። የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። የእኔን ሦስት ኮፒ በዚህ ሚዛን ሳስቀምጠው አንዱም አያልፍም። ዓላማው የመስመር ፍጥነት ነበር፤ መስመሩ ኅዳር ላይ ተስተካክሏል።

ደግሞ አሠሪ ምንም አይይ የምል ሰው አይደለሁም። አንድ ሠራተኛ የማያውቀውን አባሪ ከፍቶ የድርጅቱ ፋይል በሙሉ ሲቆለፍ አይቻለሁ። የደንበኛ ዝርዝር በፍላሽ ሲወጣም አይቻለሁ። ዘበኛ ያስፈልጋል። ግን ዘበኛ በር ላይ ሲቆም ይታያል፤ ዩኒፎርም አለው። የእኔው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ካርቶን ጀርባ ነበር።

ጓደኞቼ እስካሁን ስለሚጠይቁኝ አንዳንዱን ልንገራችሁ። ኢንኮግኒቶ፣ ያ ብሮውዘሩ ላይ ያለው የግል መስኮት፣ የሚደብቃችሁ ከእናንተው ኮምፒውተር ታሪክ ነው፤ ከቢሮው ኔትወርክ አይደብቃችሁም። አንዳንድ ድርጅት የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የራሱን ሰርተፍኬት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዘበኛውን እንዲያምነው የሚያደርግ ዲጂታል መታወቂያ፣ ይጭናል። ያ ከሆነ ዘበኛው ፖስታውን ከፍቶ አንብቦ፣ መልሶ አሽጎ ይልካል፤ ቁልፏ ምልክት እንዳለች ናት፣ እናንተም ምንም አይታያችሁ። የራሳችሁን ስልክ በቢሮው ዋይፋይ ብትጠቀሙ ደብዳቤው አይነበብም፣ ፖስታው ግን እዚያም ይታያል። ብዙዎቻችሁ ደግሞ ስልካችሁን በስማችሁ ሰይማችሁታል፤ ዝርዝሩ ላይ ስማችሁ ቁጭ ይላል። የግል ጉዳይ ካላችሁ በራሳችሁ ዳታ ተጠቀሙ፣ መቶ ሜጋ አይፈጅም።

ቴሌግራም ነገርማ አይወራ። ሰው ሥራ ሲለቅ መታወቂያውን ይመልሳል፣ ቁልፉን ይመልሳል፣ ቴሌግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ትቶ ይሄዳል። አዲስ ለተቀጠረ ልጅ ኮምፒውተር ሳዘጋጅ የቀድሞው ሰውዬ የቤተሰብ ግሩፕ ፊቴ ላይ ሲንጫጫ ስንቴ ዘግቼዋለሁ መሰላችሁ። ስልካችሁ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «መሣሪያዎች» የሚለውን እዩ። ያልጠበቃችሁት ታገኛላችሁ።

አሁን የምሠራው ከቤት ነው፤ ፍሪላንስ፣ ለውጭ ደንበኞች። የሚታየው ሰው እኔ ሆኛለሁ። የምሠራበት መድረክ የሰዓት መቁጠሪያ አለው፤ በየ10 ደቂቃው ውስጥ አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ የስክሪኔን ፎቶ ያነሳል። ስንት ጊዜ ኪቦርድ እንደነካሁ፣ ስንት ጊዜ ማውስ እንደጫንኩ ይቆጥራል። ሲያነሳ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ ያሳየኛል። ገና ስመዘገብ ተነግሮኛል፣ ተስማምቻለሁ። ያላማረኝን ፎቶ መሰረዝም እችላለሁ፤ ብቻ ያቺ 10 ደቂቃ አትከፈልም።

ባለፈው ጥር እማዬ ደሴ ሆና በቪዲዮ ደወለች። መቁጠሪያውን ማቆም ረስቻለሁ። ስኳር አለባት። እግሯ ላይ የወጣችውን ቁስል «እስቲ እየው፣ ይሄ ነገር እየሰፋ ነው መሰለኝ» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ስልኳን ወደ እግሯ አስጠጋች። ቁስሏ ስክሪኔን ሞላው። በዚያው ቅጽበት ጥጉ ላይ ያቺ ምልክት ብቅ አለች። ጠቅ።

የእናቴ እግር፣ ሜልቦርን ላለ ለማላውቀው ደንበኛ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሰረዝኩት። ሁለት ዶላር ገደማ ነው ያጣሁት። ከዚያ ሥራው እምቢ አለኝ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው እማዬን ሳይሆን ያቺን ሲኒዋን የያዘች ልጅ ሆነ።

ስልኳን ፈልጌ አገኘሁ። አገር ውስጥ አይደለችም አሁን። ሕክምናው ምን ሆነ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አልነግራችሁም። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች፣ ሁለት ቦታ አስቀይራኛለች። የሒሳብ ክፍል ያልኩትም የሒሳብ ክፍል ላይሆን ይችላል።

ሰላምታው ረዘም አለ። ልጆች፣ ኑሮ፣ ብርዱ። ከዚያ ነገርኳት። ያኔ እንዳየሁ፣ እንደዋሸኋት፣ አትሜ እንደሰጠሁ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ ያን ሳምንት የሆነውን ነገረችኝ። የዓመት ፈቃድ ሦስት ሳምንት ልትጠይቅ ሰው ኃይል ቢሮ ገባች። ቅጹ ላይ «ለግል ጉዳይ» ብላ ነው የጻፈችው። ኃላፊዋ ፈረሙላት፣ ማኅተም መቱላት፣ ወረቀቱን ሲያቀብሏት ፈገግ ብለው «ሕንድ አሁን ሙቀቱ አይቻልም ይላሉ፣ አይዞሽ» አሏት።

«ለእናቴ እንኳን አልነገርኩም ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ወጥቼ ነው ቡና ጋ መጥቼ የጠየቅኩህ።»

ይቅርታ አልኳት። እሺ አለች፤ እሺ ያለችው ግን ሌላ ነገር እያሰበች እንደነበር ያስታውቃል።

«ከሳቸው ሌላ ማን አየው?»

ሦስት ኮፒ ነበር ያተምኩት። አንዱ ለፋይል። ፋይሉን የምታስቀምጠው ጸሐፊዋ ናት፤ መደርደሪያው ቁልፍ የለውም፣ ከቡናው ቦታ በሁለት እርምጃ ነው።